እርዳታ፦ ፖርታል ላይ ፈቃድ በድጋሚ ይመዘገባል፣ የአማርኛ ስም ጥያቄ ምልክት ይሆናል

የማራኪዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ጎንደር ላለ አንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኞች ፖርታል እየሠራሁ ነው። የቆመው ላይፍሬይ በሚባል የፖርታል ሶፍትዌር ላይ ነው፣ ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል። የፈቃድ መጠየቂያውን ፖርትሌት (ገጹ ላይ ለብቻው የሚሠራ ሳጥን) ከቀድሞው ባለሙያ ተረክቤ ከ6.1 ወደ አዲስ ስሪት እያሻገርኩት ነው። አራት ነገር አስቸግሮኛል።

ሠራተኛው ፎርሙን ሲልክ ስሙና ቀኑ ይደርሰኛል፣ «ምክንያት» የሚለው ሳጥን ግን ሁልጊዜ ባዶ ነው። ብሮውዘሩ እንደላከው በዓይኔ አይቻለሁ።

ሁለተኛው የባሰ ነው። ሰውየው ፈቃዱን ከላከ በኋላ እዚያው ገጽ ላይ ያለውን የማስታወቂያ ሳጥን «ቀጣይ» ብሎ ሲነካ ያው ፈቃድ እንደገና ይመዘገባል። አዘዞ ያለው ቅርንጫፍ ኔትወርኩ ስለሚንቀራፈፍ ደጋግመው ስለሚጫኑ መስሎኝ ነበር። ግን እኔም ኮምፒውተር ላይ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ የስልክ ማውጫው «ፈልግ» ሲጫን የፈቃዱ ሳጥን ነው የሚንቀሳቀሰው። አራተኛ፣ በአማርኛ የተጻፈ ስም ዳታቤዝ ውስጥ ጥያቄ ምልክት ብቻ ይሆናል።

ሎጉ ላይ አንድም ስህተት የለም። ከየት ልጀምር?

ባክኤንድ ጎንደር

እህቴ፣ ከሁለተኛው ጀምሪ፤ ዋናው እሱ ነው።

ፖርትሌት ሥራው በሁለት ምዕራፍ የተከፈለ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2003ቱ የፖርትሌት ስታንዳርድ ከጄኤስአር 168 ጀምሮ እንዲህ ነው። አንዱ አክሽን ነው (የተላከውን የሚያስፈጽም)፣ ሌላው ሬንደር (ሳጥኑን የሚያሳይ)። ሰው ፎርም ሲልክ አክሽን የሚጠራው የዚያ ፖርትሌት ብቻ ነው። ከዚያ ግን ገጹ ላይ ያሉት ፖርትሌቶች ሁሉ ሬንደር ይደረጋሉ፣ ካሽ ካልተደረጉ (ቀድሞ የተዘጋጀው ካልተቀመጠ) በቀር። ቀድሞ የተቀመጠው የሬንደር ፓራሜትርም (ለሬንደር የተላለፈው መረጃ) አይጠፋም። እና ዳታቤዝ ላይ የሚጽፈው መስመር ሬንደር ውስጥ ከሆነ ጎረቤቱ በተነካ ቁጥር ይደገማል። አንቺ ያየሽው ልክ ይኸው ነው።

ሬንደር ሲደረግ የሚጠራውን «ዱቪው» የሚለውን ሜተድ ክፈቺና ኢንሰርት የሚል (ዳታቤዝ ላይ የሚጽፍ) ፈልጊ። ካገኘሽው ወደ አክሽኑ ሜተድ፣ ወደ «ፕሮሰስ አክሽን»፣ አውጪው። ሬንደር የሚያሳይ ብቻ ይሁን፣ ምንም አይጻፍበት።

ይህን ካስተካከልሽ በኋላም ሪፍሬሽ ሲደረግ ሊደገም ይችላል። የብሮውዘሩ አድራሻ ላይ የአክሽኑ ሊንክ ስለሚቀር ነው። አክሽኑ ሲያልቅ ሪዳይሬክት አድርጊ (ብሮውዘሩን ወደ ሌላ አድራሻ ምሪው)፣ ችግሩ ያልቃል።

ባዶ የሚመጣው «ምክንያት» ደግሞ፣ ሳጥኑ በተራ ኤችቲኤምኤል የተጻፈ ነው አይደል? ሌሎቹ በላይፍሬይ ታግ? ከ6.2 ጀምሮ የፖርትሌቱ ኔምስፔስ (የራሱ መለያ ቅድመ-ስም) ከፊቱ የሌለውን ፓራሜትር (ከፎርሙ የሚላከውን መረጃ) ፖርታሉ አያሳልፍልሽም። ታጉ ራሱ ይጨምራል፣ ተራው ሳጥን አይጨምርም። ይህን ግዴታ በኮንፊገሬሽን ማጥፋት ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም። ሦስተኛው ችግርሽም ከዚሁ ይመጣል። ሁለቱም ፖርትሌቶች ውስጥ አንድ ዓይነት አይዲ (መለያ ስም) ያለው ነገር አለ፣ ጃቫስክሪፕቱ መጀመሪያ ያገኘውን ይይዛል። ገጹን ብዙ ፖርትሌት ይጋራዋል። እያንዳንዱ አይዲ፣ እያንዳንዱ የጃቫስክሪፕት ፈንክሽን ኔምስፔሱን ይልበስ።

ፒያሳ ፍሮንትኤንድ

አዘዞ ላሉት «ላክ» የሚለውን አንዴ ሲጫን በጃቫስክሪፕት ዝጊው። ደጋግሞ መጫኑ በዚያ ይቆማል።

ባክኤንድ ጎንደር

ዝጊው፣ ጥሩ ነው፣ ግን አይበቃም። ኔትወርኩ መሀል ላይ ቢቋረጥ ሰውየው ገጹን ከፍቶ እንደገና ይልካል። ፎርሙ ሲከፈት የማይደገም ቁጥር ስጪው፣ ዳታቤዙ ላይ ያ ቁጥር ዩኒክ ይሁን። ሁለተኛው ሲመጣ ዳታቤዙ ራሱ ይመልሰዋል።

የማራኪዋ (ጠያቂ)

ወንድሜ ተባረክ። ኢንሰርቱ እውነትም ዱቪው ውስጥ ነበር። አወጣሁት፣ መደጋገሙ ቆመ። «ምክንያት»ም መጣ። የቀረኝ አማርኛው ነው። ጄኤስፒው (የገጹ ፋይል) ላይ ዩቲኤፍ-8 (አማርኛን የሚይዘው ኢንኮዲንግ፣ ፊደልን ወደ ባይት የመቀየሪያ ሥርዓት) ብዬ ጽፌያለሁ፣ ለውጥ የለም።

የዳታቤዝ ሰው

ልጄ፣ መጀመሪያ የምታይውን ነገር በደንብ ለይው። ሁለት ዓይነት ብልሽት አለ።

ስሙ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ከሆነ መረጃው አለ፣ አነባበቡ ነው የተበላሸው። ምልክቱ ቀላል ነው። የተለመዱት የግዕዝ ፊደላት በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዳቸው 3 ባይት ይይዛሉ፣ የመጀመሪያዋ ባይት የሁሉም አንድ ናት። ስለዚህ በስህተት እንደ ላቲን ሲነበቡ በየሦስት ምልክቱ ጭረት ያለባት ትንሿ የላቲን ኤ ትመጣለች። ይህ ሊመለስ ይችላል።

ጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ሌላ ነው። አንዱ ቦታ ላይ ፊደሉን የማያውቅ ኢንኮዲንግ ገጥሞት ፊደሉን ጥሎ በምትኩ ጥያቄ ምልክት ጽፏል። የተጻፈው አይመለስም። ለአስተዳደሩ ዛሬውኑ ንገሪ፣ ስሞቹ ከወረቀቱ ፎርም እንደገና ይገቡ።

መንስኤውን ሁለት ቦታ ፈልጊ። አንደኛው የዳታቤዝ ግንኙነቱ አድራሻ ነው፣ ዩቲኤፍ-8 ተብሎ ካልተገለጸ ድራይቨሩ (ፖርታሉን ከዳታቤዙ የሚያገናኘው) ራሱ ፊደሉን ሊጥለው ይችላል። ሁለተኛው የቴብሉ ኮለም ነው። የድሮ ማይኤስኪውኤል ዲፎልቱ ላቲን-1 ነበር፣ እሱ የግዕዝ ፊደል አያውቅም። ስትሪክት ሞድ (የማይመጥን መረጃን የሚመልሰው የዳታቤዙ ጥብቅ አሠራር) ከጠፋ ደግሞ ያለ ስህተት መልእክት ጥያቄ ምልክት ይጽፋል፤ ሎግሽ ንጹህ የሆነው ከሁለቱ በአንዱ ነው።

ኮለሙ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አለ። የቴብሉን ዲፎልት ብቻ መቀየር የነበሩትን ኮለሞች አይነካም። «ኮንቨርት ቱ» የሚለውን ተጠቀሚ፣ ከዚያ በፊት ባክአፕ ያዢ። ለፊደላችን የድሮው ባለ 3 ባይቱ ዩቲኤፍ-8 ይበቃል፣ ሰው ኢሞጂ ስለሚልክ ግን ወደ ባለ 4 ባይቱ ውሰጂው።

ነገ ወደ ኦራክል ዳታቤዝ ብትሄዱ ይህን ያዢ፦ እዚያ የኮለም ርዝመት በዲፎልት የሚቆጠረው በባይት ነው። 50 የተባለ ኮለም 16 የግዕዝ ፊደል ብቻ ይይዛል። ስም ከነአባትና ከነአያት ሲጻፍ አይበቃም።

ከአዘዞ

እኔ አንድ ነገር ልጨምር፣ ማንም አልጠየቀም ግን አደገኛ ስለሆነ። የተረከብሽው ኮድ ውስጥ ፖርትሌት ክላሱ ላይ በቀጥታ የተቀመጠ የተጠቃሚ መረጃ አለ? «የአሁኑ ሠራተኛ» የሚል ፊልድ ምናምን? ፖርታሉ በተለምዶ አንድ ኦብጀክት ፈጥሮ ሁሉንም ሰው በእሱ ነው የሚያስተናግደው። ሁለት ሰው እኩል ከገባ አንዱ የሌላውን ፈቃድ ያያል። የሕመም ፈቃድ ምክንያት ለሌላ ሰው መታየት የለበትም። ወደ ሪኩዌስቱ (የአንድ ጊዜ ጥያቄ) ወይም ወደ ሴሽኑ (የአንድ ተጠቃሚ ቆይታ) አውጪው።

ዲፕሎይ ስታደርጊ (ሰርቨሩ ላይ ስትጭኚው) «ይህ ክላስ ወደዚሁ ክላስ አይቀየርም» የሚል ግራ የሚያጋባ ስህተት ከመጣ ደግሞ፣ የፖርትሌት ኤፒአዩን ጃር (ላይብረሪውን) ዋር ፋይሉ (የምትጭኚው ጥቅል) ውስጥ ከተሽዋል ማለት ነው። ሰርቨሩ የራሱ አለው። ሜቨን (ጥቅሉን የሚሠራው መሣሪያ) ላይ «ፕሮቫይድድ» (ሰርቨሩ ያቀርበዋል) በይው።

የማራኪዋ (ጠያቂ)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ኮለሙ ላቲን-1 ነበር፣ ግንኙነቱም ላይ አልተጻፈም። አሁን ስም በትክክል ይገባል። የጠፉትን ለአስተዳደር ነግሬ ከወረቀቱ እየተጻፉ ነው።

የአዘዞው ወንድሜ፣ ፊልዱ አለ! ችግሩ ገና አልታየም ነበር፣ ዛሬ አወጣዋለሁ። ከመልቀቄ በፊት ምን ልፈትሽ?

ከአዘዞ

አንድ ገጽ ላይ ፖርትሌቱን ሁለት ጊዜ አስቀምጪው፣ ከጎኑ የሌላ ሰው ፖርትሌት አድርጊ። በሁለት ብሮውዘር በሁለት አካውንት ግቢ። የብሮውዘሩን ዴቨሎፐር ቱል ከፍተሽ ኔትወርኩን ቀስ እንዲል አድርጊና «ላክ»ን ደጋግመሽ ጫኚ። ከዚያ ቴብሉን ክፈቺና ስንት መስመር እንደገባ ቁጠሪ። ለአንድ ፎርም አንድ ከሆነ ልቀቂው።