ሳይፈርን ያያችሁ፣ ያ መጨረሻ ተዋጠላችሁ?

ሄርማታ_27፦
ሰላም የጅማ ልጆች። ፊልሙን ያላያችሁ እዚሁ ቁሙ፣ መጨረሻውን ነው የማወራው።

ቅዳሜ ዝናቡ አላስወጣ ብሎን ዶርም ተኮልኩለን ሳይፈርን አየን። የፈረንጆቹ 2002 ፊልም ነው፤ ዳይሬክተሩ ቪንቼንዞ ናታሊ፣ ኪዩብን የሠራው ሰውዬ። ላላስታወሳችሁ፦ ሞርጋን ሱሊቫን የሚባል ኑሮው የሰለቸው ሰው ዲጂኮርፕ ለሚባል ግዙፍ ኩባንያ ሰላይ ሆኖ ይቀጠራል። ጃክ ተርስቢ የሚል አዲስ ስም ይሰጡታል። ሥራው በአውሮፕላን ከከተማ ከተማ እየዞረ ስብሰባ ላይ መቀመጥና የሚባለውን በድብቅ ማስተላለፍ ነው። በቃ። ከዚያ ሪታ (ሉሲ ሊዩ) ትመጣና ስብሰባው ሁሉ ማስመሰያ እንደሆነ ታሳየዋለች። ለካ ተሰብሳቢዎቹን እያደነዘዙ ሌላ ሰው መሆናቸውን ያሳምኗቸዋል። ተቀናቃኙ ኩባንያ ሰንዌይስም ይደርስበትና ለእኛ ሰልልልን ይለዋል። እስከዚህ ድረስ ትንፋሼን ይዤ ነው ያየሁት።

መጨረሻው ላይ ግን ሁሉም የሚፈራው፣ ማንም አይቶት የማያውቀው ሰላይ ሴባስቲያን ሩክስ ራሱ ሞርጋን ነው ይሉናል! ኧረ ባካችሁ። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ አብሬው ተጨንቄ፣ አብሬው ፈርቼ፣ መጨረሻ ላይ "እሱ እኮ አልነበረም" ማለት ተመልካችን መሸወድ ነው። የዶርም ጓደኞቼ ደግሞ ኢንሴፕሽንን የመሰለ የስርቆት ፊልም እያለ ይሄን ማየት ጊዜ ማባከን ነው ይላሉ። እናንተስ?

ቂጦ_ማታ፦
አልተሸወድክም፣ አላስተዋልክም ነው የምለው 😀

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰንዌይስ ውሸት የሚለይ መሣሪያ አለው። እያስመሰለ የገባ ሰላይ ይያዛል። ዲጂኮርፕ ያገኘው መላ ሰላዩ ራሱ ሰላይ መሆኑን እንዲረሳ ማድረግ ነው፤ ውሸት መሆኑን የማያውቅ ሰው ደግሞ መሣሪያው አይዘውም። ሩክስ ያደረገው ይህንኑ አንድ እርምጃ ወደኋላ ወስዶ መጠቀም ነው። ዲጂኮርፕ ጭንቅላቱን ሊያጥበው የሚመርጠው ዓይነት ምስኪን ሰው እንዲሆን መጀመሪያ ራሱን አሳጠበ። ስለዚህ ፍርሃቱ የእውነት ነበር። አብረኸው የተጨነቅከው ሰው በዚያ ሰዓት በእርግጥ ሞርጋን ነበር። አስመሳይ ሆኖ ቢያታልለን ኖሮ ካንተ ጋር እስማማ ነበር።

ደግሞ ምልክቱን ከመጀመሪያ ጀምሮ ሲጥልልን ነበር። ውስኪ ሲያዝ፣ ሲጋራ ሲለኩስ፣ አነጋገሩ ሲቀየር "ጃክን እየተጫወተ ነው" ብለን እናልፈዋለን። ቀለሙንም እይ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ነገር አመድ የመሰለ ግራጫ ነው፣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ሊባል ትንሽ ነው የቀረው። ሰውየው ወደ ራሱ እየተመለሰ ሲሄድ ቀለም ይገባበታል። መጨረሻ ላይ ጀልባዋ ላይ ሲሆኑ ሰማዩን አየኸው? ይሄን ሁሉ የሠራው ደግሞ በትንሽ ብር ነው። ሜዳ መሃል ከመሬት የሚወጣው ሊፍት ብቻ የስንት ትልልቅ ፊልሞችን ፍንዳታ ያስንቃል።

ፒያሳ_አላውቅም፦
እኔ ያየሁት የአማርኛ ትርጉሙን ነው። ተራኪው ገና ሰውየው ሥራ ሳይጀምር "ይህ ምስኪን የሚመስል ሰው በኋላ ማን እንደሆነ ስታዩ ጉድ ትላላችሁ" ብሎ አረፈው። ከዚያ በኋላ ምን ስለላ አለ? ትርጉም ቤቶች ሆይ፣ ፊልሙን ተርኩልን እንጂ አትንገሩብን!

መልኮ_መንገድ፦
መጨረሻው ላይ ለምን ትጣላላችሁ? ለእኔ የፊልሙ ጥበብ መጀመሪያው ነው፣ ያ ሁላችሁም የሰለቻችሁ ስብሰባ። ሆቴል አዳራሽ፣ ፕላስቲክ ወንበር፣ ለራሱም እንቅልፍ የመጣበት ተናጋሪ፣ የሚተላለፈው ነገር ዋጋ እንዳለው እንኳ የማያውቅ ሰላይ። ኢንሴፕሽን ላይ ሚስጥር የሚሰረቀው ሰው ህልም ውስጥ ተገብቶ፣ ከተማ እየታጠፈ፣ በረዶ ላይ እየተታኮሱ ነው። ያምራል፣ አልክድም። የኩባንያ ስርቆት ግን እንደዚያ አያምርም። ስልቹ ነው።

ቡና ላይ የሚሠራው የመልኮ የእርሻ ምርምር ማዕከል አጠገብ ስላደግኩ ይሆናል፣ እኔ እንዲህ ዓይነት ፊልም ሳይ የሚመጣብኝ ቡና ነው። በፈረንጆቹ 2004 የብራዚል ተመራማሪዎች በተፈጥሮው ካፌይን አልባ ሊባል የሚችል የአረቢካ ቡና አገኘን ብለው ኔቸር መጽሔት ላይ አወጡ። ዛፎቹ ከየት የመጡ ይመስላችኋል? በ1960ዎቹ ከኛው አገር ከተሰበሰበ ዘር ነው። ያን ጊዜ እዚህ ምን ያህል ጭቅጭቅ እንደነበር ትልልቆቹን ጠይቁ። የሚሊዮን ዶላር ሚስጥር ኪስ ውስጥ የሚገባ ፍሬ ሲሆን ሊፍትም ካዝናም አያስፈልግም።

ሰሚራ_ጅ፦
መልኮ ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ላቁምህ። ያ ዘር አልተሰረቀም። የሰበሰበው የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት የላከው ቡድን ነው፣ በግልጽ መጥቶ በግልጽ ነው የሄደው። ጥቅሙ የማን ይሁን የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፣ እሱ ላይ አብሬህ እናደዳለሁ። ስለላ ግን አይደለም።

ምሳሌ ከፈለግክ ጤፍን ውሰድ። ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር በፈረንጆቹ 2005 ስምምነት ተፈረመ፣ ኩባንያው ግን በጤፍ ዱቄት ላይ አውሮፓ ውስጥ ፓተንት አውጥቶ ተገኘ፣ ፓተንቱን የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው በ2018 ነው። ማንም በሌሊት አጥር አልዘለለም። ሁሉም በፊርማ ነው። ሳይፈር ላይም እኮ አስፈሪዎቹ ሽጉጥ የያዙት አይደሉም፣ ፈገግ ብለው ፎርም የሚያስሞሉት ናቸው።

ፊልሙ ላይ የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ሪታ። ያን ሁሉ ጊዜ ሁሉን የምታውቅ፣ ከሁሉም የምትቀድም ሴት ሆና ትቆይና መጨረሻ ላይ ስርቆቱ በሙሉ እሷን ለማዳን ነበር ይባላል። የሰረቀው ዲስክ ላይ ያለው የእሷ መረጃ ነው፣ ሰውየው ባሕር ውስጥ ይወረውረዋል፣ ይሳሳማሉ፣ አለቀ። ሁለት ኩባንያዎች የሰው ጭንቅላት እያጠቡ ነው፣ እነሱ ምን ሆኑ? ተቀጣጥለው ቀሩ? ከጎኑ የተኙ የሚመስሉት እነዚያ ሌሎች ተሰብሳቢዎችስ? ሚስቱን ትቶ የመጣው እያንዳንዱ "ጃክ" የት ደረሰ? ፊልሙ አንድ ጥንዶችን አድኖ ሌላውን ረስቶታል። በዚህ ኢንሴፕሽን ይሻላል፤ ቢያንስ ሥራውን የሚያዘው ባለሀብት ሳይቶ ምን እንደሚፈልግ ከመጀመሪያው ይናገራል፦ ተቀናቃኙ ወጣት የአባቱን ኩባንያ በገዛ እጁ እንዲበትን። ጥቅም ነው፣ ጥቅም ይባላል።

በነገራችን ላይ እዚያ ፊልም ላይ "ሞምባሳ" ብለው ያሳዩን ሞሮኮ፣ ታንጂር ነው የተቀረጸው። ለእነሱ አፍሪካ ሁሉ አንድ ሰፈር ነች 😒

ቂጦ_ማታ፦
ሰሚራ፣ የሪታ ነገር እውነትሽን ነው፣ እሱን ልከላከል አልችልም። ስለ ሌሎቹ ተሰብሳቢዎች ግን ፊልሙ ረሳቸው ሳይሆን ሩክስ ነው የረሳቸው ባይ ነኝ። ሰውየው ጀግና አይደለም፣ ነጋዴ ነው። ለሚከፍለው ይሰርቃል። እንዲህ ያለ ሰው ዓለምን ሲያድን ብናየው ነበር ውሸት የሚሆነው።

ሄርማታ_27፦
እሺ፣ ቀለሙን እውነት አላየሁትም። ግን አንድ ነገር አልመለሳችሁልኝም። ራሱን ሙሉ በሙሉ አሳጥቦ ከሆነ ሪታ ባትመጣ፣ ወይም መንገድ ላይ ባጃጅ ገጭቷት ብትቀር፣ ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ሞርጋን ሆኖ ሊቀር ነበር ማለት ነው? የዓለም አንደኛ ሰላይ እንዲህ ያለ ዕቅድ ያወጣል? ሰው ላይ ይሄን ያህል ተማምኖ?

መልኮ_መንገድ፦
ሴትዮዋን ይወዳታል ተባልክ እኮ! ፊልሙ ውስጥ ያለው ብቸኛ እምነት ያ ነው፣ ኩባንያዎቹማ የራሳቸውን ሰላይ እንኳ ሳያጥቡ አያምኑም። ሰሚራ የጠላችው መጨረሻ ላንተ ጥያቄ መልስ ነው፣ አሁን እናንተ ሁለታችሁ ተነጋገሩ።

ፒያሳ_አላውቅም፦
ክርክሩን ተዉትና ትርጉም የሌለበት፣ ጽሑፉ ከድምፁ ጋር የሚሄድ ኮፒ ያለው ማነው? አጂፕ አካባቢ ከሆናችሁ ማታ ፍላሽ ይዤ እመጣለሁ፣ መብራት ካለ።