ቲዩብ ያለው ኦቨርድራይቭ ፔዳሌ እንደ ንብ መንጋ ይጮሃል፤ ማታ መድረክ አለብኝ

ባለ ስድስት ክር (ጠያቂ)፦ ውድ አባላት፣ እባካችሁ ፈጥናችሁ እርዱኝ። ማታ 1 ሰዓት ላይ እንጫወታለን፤ በሳውንድ ቼክ (ከዝግጅቱ በፊት በሚደረገው የድምፅ ሙከራ) ግን ፔዳሌ፣ ማለትም የጊታሬን ድምፅ የሚያሻክረው በእግር የሚረገጥ ሣጥን፣ ቀጭንና ጆሮ የሚቧጥጥ ድምፅ አወጣ። ቤት ውስጥ ምንም እንከን አልነበረበትም። ድራይቩን (የማሻከሩን መጠን የሚወስነውን ቁልፍ) እስከ መጨረሻው ከፈትኩት፣ ቶኑንም (የድምፁን ቅጥነት የሚወስነውን) ቀነስኩት፤ አልተሻሻለም። ቲዩቡ (ውስጡ ያለው፣ ድምፁን የሚያጎላው አምፖል መሰል ዕቃ) ተቃጥሎ ይሆን?

ራዲዮ ጠጋኝ፦ ወንድሜ፣ ቲዩብ የውስጥ ማሞቂያው በደንብ ካልጋለ አይሠራም። በፔዳሎች ውስጥ የተለመደው 12ኤኤክስ7 የተባለው ቲዩብ ለማሞቂያው ብቻ በ12.6 ቮልት 150፣ በ6.3 ቮልት ደግሞ 300 ሚሊአምፔር ስለሚወስድ፣ ቲዩብ ለሌለው ተራ ፔዳል የተሠራ የ100 ሚሊአምፔር አዳፕተር ሰክተህ ከሆነ ድምፁ መክሳቱ አይቀርም። በፔዳሉ መስኮት የሚታየው ብርሃንም አያታልልህ፤ በአንዳንዶቹ ከቲዩቡ ሥር የተተከለ ኤልኢዲ (ትንሽ መብራት) ነው። ሳትነቅል ግን አትክፈተው፤ ውስጣቸው ከ200 ቮልት በላይ የሚያመነጩ አሉ፣ ከተነቀሉም በኋላ ኃይሉ ለጊዜው ይቆያል።

ቤዝ መቺ፦ ቲዩቡን ይቀይሩት። የእኔም እንዲሁ ሆኖ ሲቀየር ዳነ።

አንቺሆዬ፦ እኔ ጥፋቱን በፔዳሉ ላይ አላይም። ድራይቩን እስከ መጨረሻው ከፍተው ሙሉ ኮርድ ሲመቱ ኖታዎቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ ትዝታም ሆነ ባቲ ቢጫወቱ፣ ዜማውን የሚያስውቡት ጥቃቅን ጌጦች በዚያ ጩኸት ውስጥ ይሰምጣሉ። እነዚህ ዜማዎች የሚፈልጉት ጥቂት ሙቀት ብቻ ነው።

ከሚክሰሩ ጀርባ፦ ቤት ውስጥ በአምፕ (ስፒከር ባለው የጊታር ድምፅ ማጉያ) ነበር የሚጫወቱት? አሁንስ ፔዳሉ ወደ ምን ነው የሚገባው?

ባለ ስድስት ክር፦ ቤት በአምፕ ነበር። እዚህ አምፕ ስለሌለ በቀጥታ ወደ ሚክሰሩ (የአዳራሹ ድምፅ መቀላቀያ) ሰካሁት፤ ለውጥ ያመጣል ብዬ ስላላሰብኩ አልጻፍኩትም። አዳፕተሩ አብሮት የመጣው ነው።

ቤዝ መቺ፦ ቢሆንም ቲዩቡን ቢቀይሩት ይሻላል።

ከሚክሰሩ ጀርባ፦ ቲዩቡን አይንኩት። የጊታር አምፕ ስፒከር ከ5 ሺህ ኸርዝ ገደማ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ በአብዛኛው ያስቀረዋል፤ የአዳራሽ ስፒከር ግን እሱንም ጨምሮ ስለሚያሰማ፣ አምፑ ይሸፍንልዎት የነበረው ሻካራ ድምፅ ሁሉ ወጣ። የጊታር ካቢኔትን (የአምፕ ስፒከር ሣጥንን) የሚያስመስል መሣሪያ የሚያውስዎ ካለ ከፔዳሉ በኋላ ያስገቡት። ካልተገኘ፣ ሚክሰሩ ዲጂታል ከሆነ ሳውንድ ማኑ በእርስዎ መስመር ላይ ከ5 ሺህ ኸርዝ በላይ ያለውን ይቁረጥልዎት፤ አናሎግ ከሆነም ሃዩን (የቀጭን ድምፅ መቆጣጠሪያውን) በደንብ ይቀንስልዎት። ድራይቩን በሰዓት ፊት ላይ 10 ቁጥር ካለበት ቦታ አያሳልፉት። የጊታሩን ቮሊዩም 7 ላይ አድርገው ይጀምሩ፣ ሶሎ ሲደርስ ወደ 10 ይክፈቱት፤ ቲዩብ ለዚህ ለውጥ ጥሩ ምላሽ ይሰጣል።

ራዲዮ ጠጋኝ፦ ትክክል ነው፣ እኔ ያለ አምፕ መሆኑን አላወቅኩም። ከጎረቤት ባንድ 15 ዋት አምፕ እንኳ ብታገኝ፣ ፔዳሉን እዚያ ሰክተህ ማይክ ስፒከሩ ፊት አቁምለት፤ ከመሃሉ ትንሽ ወደ ጠርዝ ፈቀቅ ይበል።