ግጥሜን በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ ላቁም?

ሐይቅ ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከሐዋሳ ነኝ። ቴሌግራም ላይ በብዕር ስም ግጥም እለጥፋለሁ፤ ቤተሰብም መሥሪያ ቤትም አያውቅም። እስካሁን አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምጽፈው። ይፈጥናል፣ ጓደኞቼም የሚያወሩት እንደዚያ ነው፣ በራሳችን ፊደል ስጽፍ ደግሞ የትምህርት ቤት ድርሰት ይመስለኛል። ባለፈው ሳምንት ግን አገር ለቃ ስለሄደች ጓደኛዬ "ሐይቁ ዳር ቆማ ጠፋች" ብዬ ጻፍኩ። ሰዎች "ተፋች" ብለው አንብበው ኮሜንት ላይ ሲስቁ አመሹ። በእንግሊዝኛ ፊደል ሁለቱም አንድ ናቸው። በጣም ከፋኝ፣ ያለቀስኩባት መስመር ነበረች። ወደ ፊደል ልመለስ? አንባቢ ይሸሸኝ ይሆን?

የታቦር ልጅ፦
እህቴ፣ ተመለሺ። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አይለይም፤ ብዙ ሰው ጉድለት ይለዋል፣ ለገጣሚ ግን ሀብት ነው። "ገና ነው" ብለሽ ጻፊ። አላልቶ ያነበበው ጊዜው አልደረሰም ይላል፣ አጥብቆ ያነበበው በዓሉ ይታየዋል። በእንግሊዝኛ ፊደል ግን ኤንን አንዴ ልጻፋት ወይስ ሁለቴ ብለሽ መምረጥ አለብሽ፣ ስትመርጪ ደግሞ ሰምና ወርቁን ራስሽ ፈታሽው ማለት ነው። ስልክ አያነበውም ብለሽ እንዳትሰጊ፣ ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ስልክና ኮምፒውተር የየቋንቋውን ፊደል በሚለዩበት ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው።

አቶቴ፦
እኔ እንግሊዝኛ ፊደል በምትሉት በላቲን ላይ ባታሳብቡ ደስ ይለኛል። ሲዳሙ አፎ፣ የሲዳማ ቋንቋ፣ የሚጻፈው በላቲን ነው፤ የሚጠብቀው ድምፅ ፊደሉ ተደግሞ ይጻፋል፣ ሥርዓት አለው። አማርኛን በላቲን ስንጽፍ ግን የተስማማንበት ነገር የለም፣ ሁሉም እንደ ጆሮው ነው። እኔ በአንድ አካውንት ለእናቴ በሲዳሙ አፎ፣ ለሰፈር ልጆች በአማርኛ እጽፋለሁ። መጀመሪያ ግራ የገባቸው ነበሩ፣ አሁን ለምደውታል። አንባቢሽም ይለምዳል። ቻቱን እንደፈለግሽ አድርጊው፣ ግጥሙን ግን በፊደል።

ሐይቅ ዳር፦
አመሰግናለሁ፣ ሁለታችሁንም። ማታ የአማርኛ ኪቦርድ ጨመርኩ። አራት ቃል ለመጻፍ አሥር ደቂቃ ፈጀብኝ፣ ጣቴ ገና አልለመደም። ግን ያቺ ጠ ሦስት እግሯን ተክላ ስክሪኑ ላይ ስትቆም ደስ አለኝ። የድሮውን አጥፍቼ ይቺን ለጥፌያታለሁ።