የጣሪያ ቬንትሌተራችን ችግር ኩሽኔታው ነው ወይስ ሞተሩ? የባለሙያ ምክር እሻለሁ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ድሬዳዋ ሲሆን፣ እርዳታ የምጠይቀው በእናቴ መኝታ ቤት ስላለው ባለ 3 ክንፍ የጣሪያ ቬንትሌተር ነው። ከአንድ ወር በፊት ሲበራ እያጉረመረመ በራሱ አልነሳ አለ፤ ክንፉን በመጥረጊያ እንጨት ገፋ ስናደርገው ግን ቀስ እያለ ይዞር ነበር። የጠራነው ባለሙያ 2.5 ማይክሮፋራድ (የአቅሙ መለኪያ) የሆነውን ካፓሲተር፣ ማለትም ሞተሩ እንዲነሳ የሚረዳውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ፣ በተመሳሳይ አዲስ ቀየረልን። የሞተሩ ማስነሻ ጥቅል ሽቦ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በካፓሲተሩ በኩል ስለሆነ ምክንያቱ አሳመነኝ፤ ለሁለት ሳምንትም በደንብ ሠራ።

አሁን በራሱ ቢነሳም ፍጥነቱ ወርዷል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላም የሞተሩ ሽፋን እጅ እስከማያስነካ ድረስ ይግላል። ዋናውን ኃይል አጥፍቼ በእጄ ሳዞረው አሸዋ እንደገባበት ይንኮሻኮሻል፣ አንድ ዙር ሳይሞላም ይቆማል። እኔ የጠረጠርኩት ኩሽኔታውን (ሞተሩ ሳይፋተግ እንዲሽከረከር የሚያደርገውን ባለ ኳስ ቀለበት) ነው። ሁለተኛው ባለሙያ ግን ምንም ሳይፈታ የሞተሩ ሽቦ ተቃጥሏልና በአዲስ ሽቦ እንደገና መጠቅለል አለበት ብሎ የአዲሱን ግማሽ የሚጠጋ ዋጋ ጠየቀኝ፤ ሳይፈተሽ የተሰጠ ፍርድ በመሆኑ ልቀበለው አልቻልኩም።

ሞተር የምትጠግኑ ባለሙያዎች፣ የኩሽኔታ መድረቅ ብቻውን ሞተሩን ይህን ያህል ሊያግለው ይችላል? ካፓሲተሩ ተነቅሎ ሁለቱ ጥቅል ሽቦዎች (ማስነሻውና ዋናው) በቴስተር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ቢለኩ መቃጠላቸው በእርግጠኝነት ይታወቃል፣ ወይስ የግድ ተፈትቶ የሽቦው ቀለም መታየት አለበት? እናቴ የደም ግፊት ሕመምተኛ ስለሆነች በዚህ ሙቀት ሌሊቱን ያለ ቬንትሌተር መተኛት አልቻለችምና፣ ምላሻችሁን በአክብሮት እጠብቃለሁ።