የዝናብ ውሃ ማቆር ለምትጀምሩ የደሴና የአካባቢዋ ሰዎች፦ ከሮቶው በፊት አሸንዳው

ሰሞኑን ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። «የትኛውን ሮቶ ልግዛ?» ሁለቱ የደሴ፣ አንዷ የኮምቦልቻ ናቸው። ለሦስቱም መልሴ አንድ ነው። ሮቶውን ለጊዜው ተዉትና ቀና ብላችሁ ጣሪያችሁን እዩ። አሸንዳ አለው? ካለውስ ውሃው በየት በኩል ነው የሚወርደው?

እኔ ይህን የተማርኩት ገንዘቤን ከስሬ ነው። የዛሬ አራት ዓመት ግንቦት ላይ ያጠራቀምኩትን ለ2,000 ሊትር ሮቶ አወጣሁ። ለአሸንዳ የተረፈኝ ትንሽ ስለነበር ርካሹን አሠራሁ። ላሜራው ስስ ነበር፤ ማንጠልጠያዎቹም ተራርቀዋል። ሐምሌ ሲገባ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ መጣ። አሸንዳው መሃሉ ላይ ጎበጠና ውሃው በግድግዳው ላይ ወረደ። ሮቶው አጠገቡ ባዶውን ቆሟል። ከልጆቼ ጋር ባልዲ ስደረድር አመሸሁ። ያ ሁሉ ውሃ ዓይኔ እያየ መፍሰሱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስሌቱን ልንገራችሁና የሚቆጨኝ ለምን እንደሆነ ይገባችኋል። አንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከጣለ 1 ሊትር ውሃ ነው። ከቆርቆሮ ጣሪያ ከዚህ ውስጥ ከ80 እስከ 90 በመቶው ይያዛል። ወደ ጓሮ ያዘነበለው የጣሪያዬ ክፍል 40 ካሬ ነው። ደህና አድርጎ 20 ሚሊ ሜትር የጣለ ቀን ወደ 680 ሊትር አገኛለሁ። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ቢሆን 34 ጊዜ መመላለስ ነው። ደሴ ደግሞ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች።

ስለዚህ ከአሸንዳ ልጀምር። ሁለት አማራጭ አለ። አንደኛው ባለሙያ ከላሜራ አጥፎ የሚሠራው ነው። ሁለተኛው ከግንባታ ዕቃ መሸጫ የሚገዛው ተዘጋጅቶ የሚመጣ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩ አይዝግም፤ መገጣጠሙም ቀላል ነው። ነገር ግን አንዱ ክፍል ቢሰበር ተመሳሳዩን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል፤ ፀሐይም ከጊዜ ብዛት ያደርቀዋል። እኔ የምመርጠው በባለሙያ የሚሠራውን ነው። በጣሪያችሁ ልክ ይሠራል፣ ሲበላሽም ሠሪው እዚሁ ሰፈር አለ። ላሜራው 28 ጌጅ ይሁን። ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር ብረቱ እየሳሳ እንደሚሄድ አትርሱ፤ 32 ቢሰጧችሁ እሺ አትበሉ። ማንጠልጠያዎቹ ከ60 ሳንቲም በላይ አይራራቁ። አሸንዳው በየአንድ ሜትሩ አንድ ሳንቲም ያህል ወደ መውረጃው ያዘንብል። ይህን በዓይን ግምት ሳይሆን በውሃ ልክ ይለኩላችሁ።

ባለሙያ እንዴት ይመረጣል ለምትሉ፣ ሁለተኛውን አሸንዳዬን የሠሩልኝን አባት ልንገራችሁ። ሥራውን ጨርሰው ከመሰላል ወረዱ። ሂሳብ ላወጣ ስል እጃቸውን አወዛወዙ።

«አብሽሪ ልጄ፣ መጀመሪያ አንድ ባልዲ ውሃ አምጪልኝ።»

«ለምንዎ ነው አባባ?»

«ከዚያኛው ጫፍ እደፋዋለሁ። ሳይቆምና ሳይንጠባጠብ እዚህ ከደረሰ ያኔ ትከፍይኛለሽ።»

ውሃው አንድም ቦታ ሳይቆም ወረደ። ከዚያ ወዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው። በባልዲ ሳትፈትኑ አትክፈሉ። ፈትኑልኝ ሲባል የሚቆጣ ባለሙያ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ፤ የመጀመሪያውን ውሃ መጣል። በበጋ ጣሪያ ላይ አቧራ፣ ቅጠል፣ የወፍ ኩስ ይከማቻል። የመጀመሪያው ዝናብ ይህን ሁሉ አጥቦ ያወርደዋል። ለ40 ካሬ ጣሪያ የመጀመሪያዎቹን 40 ሊትር፣ ማለትም ሁለት ጀሪካን ያህል መጣል በቂ ነው። ቧንቧ ሠራተኛ በ110 ፒቪሲ፣ ማለትም አፉ 110 ሚሊ ሜትር በሆነ የፕላስቲክ ቱቦ ሊሠራው ይችላል። ወደ ሮቶው ከሚሄደው መስመር ላይ ታችኛው ጫፉ በክዳን የተዘጋ ቱቦ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ቆሻሻው ውሃ መጀመሪያ እሱን ይሞላል፤ ከሞላ በኋላ ንጹሑ ወደ ሮቶው ያልፋል። የዚህ ቱቦ አንድ ሜትር 9 ሊትር ገደማ ይይዛል። ግድግዳችሁ አጭር ከሆነ ሁለት ጎን ለጎን ይተከል። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ክዳኑን ከፍቶ ማፍሰስ ግን የእናንተ ሥራ ነው። እኔ ቤት ይህን የሚሠራው ትልቁ ልጄ ነው፤ አንድም ቀን አስታውሼው አላውቅም።

አሁን ወደ ማጠራቀሚያው። ሮቶ ስትገዙ ጥቁሩን ምረጡ። ብርሃን የሚያስገባ ታንከር ውስጥ ውሃው ይሻግታል፣ አረንጓዴ ይሆናል። ስንት ሊትር? ይህ የሚወሰነው ለምን እንደምትፈልጉት ነው። ቧንቧ በፈረቃ ሲመጣ ክፍተቱን ለመሸፈን ከሆነ 2,000 በቂ ነው። ለመጠጥና ለወጥ ብቻ እስከ በልግ ላድርሰው ካላችሁ ደግሞ አስሉት። አምስት ሰው በቀን 5 ሊትር እያንዳንዱ ቢጠቀም 25 ሊትር ነው። ለአምስት ወር 3,750 ሊትር ይሆናል፤ ስለዚህ 5,000ው ያዋጣል። የወሎ ደጋ ዕድሉ እዚህ ላይ ነው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ የበልግ ዝናብ ከየካቲት ጀምሮ ስለሚመጣ ታንከሩ በዓመት ሁለት ጊዜ የመሞላት ዕድል አለው። በልግ አንዳንድ ዓመት እንደሚቀር ግን ሁላችንም እናውቃለን።

መቆሚያው ላይ አትቆጥቡ። 2,000 ሊትር ውሃ ሁለት ቶን ነው። የተደራረበ ድንጋይ ላይ አታስቀምጡት፤ ከሥሩ እኩል የሆነ የኮንክሪት መደብ ይሠራ። ሩቢኔቱ ከታንከሩ ወለል 10 ሳንቲም ያህል ከፍ ይበል፤ ዝቃጩ ከታች ይቀራል። ሞልቶ የሚተርፈውንም ውሃ አስቡበት። ደሴ የመሬት መንሸራተት የሚያሰጋት ከተማ ናት። ትርፉን ወደ ገደሉ ወይም ወደ ጎረቤት አጥር አትልቀቁ፤ በቱቦ እስከ መንገዱ ቦይ አድርሱት።

ሮቶ የማይቻላችሁ በበርሜል ጀምሩ። ባለ 200 ሊትሩ ፕላስቲክ በርሜል ለአንድ ክፍል ቤት ትልቅ ነገር ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ምን ተይዞበት እንደነበር ጠይቁ። የምግብ ዘይት ከሆነ ይታጠባል። ኬሚካል ወይም ነዳጅ ከነበረ ለልብስ እንኳ አይሁን። ሻጩ አላውቅም ካለ ተዉት።

የሲሚንቶ ጉድጓድ ለሚያስቡ ምክሬ አጭር ነው፤ መረሬ አፈር ላይ አትቆፍሩ። መረሬ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ግንቡንም አብሮ ይሰነጥቀዋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በየገጠሩ ደጃፍ ብዙ የውሃ ማቆሪያ ጉድጓድ ተቆፍሮ ነበር። ብዙዎቹ ፕላስቲካቸው ተቀዶ ወይም ሲሚንቶው ተሰንጥቆ ውሃ መያዝ አቆሙ። ክዳን ያልነበራቸው ደግሞ ለልጅም ለከብትም አስጊ ሆኑ፤ የወባ ትንኝም ተራባባቸው። ቆቦ አካባቢ ወላጆች ያሏችሁ ለጓሮ አትክልት ማቆሪያ ልታሠሩላቸው ከሆነ ወፍራም ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ የፕላስቲክ ንጣፍ) ይነጠፍ፣ ዙሪያው ይታጠር፣ ከላይ ጥላ ይኑረው። ቆቦ ዝናቡ ከደሴ በጣም ያነሰ ነው፤ ፀሐዩም ውሃውን ቶሎ ይወስደዋል። ለመጠጥ ግን የጣሪያ ውሃ በተከደነ ታንከር ይሻላቸዋል።

መጠጡን በተመለከተ፦ የዝናብ ውሃ ጥርት ብሎ ስለታየ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። እኔ አፈላዋለሁ። ደሴ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ እሳት ላይ ይቆይ። ከፋርማሲ የሚገዛው ውሃ አጋር የሚባለው የውሃ ማከሚያም ይሠራል፤ መጠኑን ከጠርሙሱ ላይ አንብቡ። በጠርሙስ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥም የታወቀ ዘዴ ነው፤ ጠራራ ፀሐይ 6 ሰዓት፣ ደመና ካለ ሁለት ቀን ይፈልጋል። በደሴ ጭጋግ ክረምት ላይ ግን እኔ አልተማመንበትም። ለልብስና ለዕቃ ማጠቢያ እንዲሁ ተጠቀሙበት። ሳሙና ቶሎ አረፋ ይሰጣል፤ ልዩነቱን በመጀመሪያው እጥበት ታዩታላችሁ።

ኮምቦልቻ ላይ የፀጉር ቤት ያለሽ እህቴ፣ ያንቺ ጉዳይ ከሁሉም ይቀላል። የምትፈልጊው ማጠቢያ ውሃ ነው። ቤቱ ኪራይ ስለሆነ ለአከራይሽ አሸንዳውን እኔ አሠራለሁ፣ ስወጣ ለቤቱ ይቀራል ብለሽ ንገሪያቸው፤ እምቢ የሚሉ አይመስለኝም። ሁለት በርሜል ከታች በቱቦ አያይዢ። ኮምቦልቻ ወባ ስላለ በርሜሎቹ ይከደኑ፤ መግቢያውም መተንፈሻውም በጥብቅ ወንፊት ይሸፈን። እና አትዘግዪ። አሸንዳ ሠሪዎች አሁን ሚያዝያ ላይ ሥራቸው ቀለል ያለ ነው፤ ሰኔ ሲገባ ሁሉም ሰው ይፈልጋቸዋል። የጣሪያሽን ርዝመትና ስፋት ለክተሽ ላኪልኝ፤ ሁለት በርሜል ይበቃሽ እንደሆነ አብረን እናሰላዋለን።