ክርክር፦ ገና ያልያዘ ድሬድ «ያልተስተካከለ ፀጉር» ነው?

ባለ 4 ወሩ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ፍረዱኝ። አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ መቀበያ ላይ ነው የምሠራው። ድሬድ ከጀመርኩ 4 ወር ሆነኝ። ፀጉሬ ከርዳዳ ነው፣ ሁለት ሁለት እየተጠቀለለ ነው የተጀመረው። የመጀመሪያው ሳምንት ያየኝ ሁሉ «አማረብህ» ሲል ነበር። ከዚያ ታጠብኩ። አሁን ግንባሬ ጋ ያለው ግማሹ ተፈቷል፣ ሥሩ ተነስቷል፣ ከኋላ አንዱ ብቻውን ሽቅብ ቆሟል። ባለፈው ሰኞ አለቃዬ ጠርታ «ወይ በየሳምንቱ አስጠምዝዘህ ና፣ ወይ ቁረጠው» አለችኝ። የሠራልኝ ልጅ ደግሞ «አትነካካው፣ ራሱ ተጠላልፎ ይያዝ» ብሎኛል። ጥያቄዬ ይኼ ነው፦ መሥሪያ ቤት ገና ያልያዘ ድሬድን «ያልተስተካከለ» ብሎ ማስቆረጥ ይችላል? አይዞህ ብቻ አትበሉኝ፣ የምትቃወሙም ጻፉ።

የሰው ኃይል፦
እሺ፣ ተቃዋሚው እኔ ልሁን። ቅጥር ላይ ነው የምሠራው። ስትቀጠር «ፀጉር ንጹሕና የተስተካከለ ይሁን» የሚል ደንብ ፈርመሃል። ድሬድ አትያዝ አልተባልክም፣ አስተካክለው ነው የተባልከው። እንግዳ ከኤርፖርት ደክሞት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው አንተን ነው። ነገ ደግሞ ሌላው ጺሙን ሳይላጭ መጥቶ «እያሳደግኩት ነው» ቢለኝ ምን ልመልስለት?

ፀጉር ሠሪዋ፦
እዚህ ጋ ልግባ። 9 ዓመት ድሬድ ሠርቻለሁ። «በየሳምንቱ አስጠምዝዝ» የምትል አለቃ ለኔ ገበያ ነበረች፣ ግን አላደርገውም። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይረግፍበታል። ማበጠሪያ ካልገባ ያ የረገፈው አይወድቅም። ከቆመው ጋር ይጠላለፍና እዚያው ይቀራል። ድሬድ ማለት ይኼው ነው። መጀመሪያ ይነሳል፣ ያብጣል፣ ያጥራል። ከዚያ ውስጡ እየጠጠረ ይመጣል። እንደ ፀጉሩ ዓይነት ቢሆንም ለከርዳዳ ፀጉር አንድ ዓመት፣ አንድ ዓመት ተኩል ያስፈልገዋል። አለቃህ «ተነስቷል» ያለችው ፀጉር ሥራውን እየሠራ ነው። በየሳምንቱ እየተጎተተ ሲጠመዘዝ ግን ሥሩ ይሳሳል። ግንባርና ጆሮ አካባቢ መመለጥ ይጀምራል። እኔ ከ4 እስከ 6 ሳምንት አሳልፌ ሥሩን ብቻ ነው የምነካው። እንዳይጣበቅ ደግሞ ሰውየው ራሱ ሲታጠብ በጣቱ ይለያየው። በቃ።

አንድ ደንበኛ ነበረኝ። ሥራ ቦታው እንዳይቆጡት ብሎ ሌላ ቤት ለ8 ወር በየሳምንቱ በሰም ሲያስጠመዝዝ ነበር የቆየው። ብታዩት ቀጥ ያለ፣ የሚያበራ፣ ምንም የማይወጣለት። «ራሴን ይበላኛል» ብሎ መጣ። አንዷን ከጫፏ በመቀስ ሰነጠቅኳት። ውስጧ ግራጫ ነው። የትራስ ብናኝ፣ የሹራብ ክር፣ ሰሙ እንደ ሻማ ጠብታ ደርቆ ይዞታል። ሰም በውኃ አይሟሟም። ሦስት ቀን በሙቅ ውኃ ታገልን። መጨረሻ ላይ ቆረጠው። እና ያንን ፀጉር አለቃህ ብታየው «እንዲህ አስተካክለው!» ነው የምትልህ።

እትዬ፦
ልጆች፣ እኔ በዕድሜ እናታችሁ እሆናለሁ። ድሬድ አልወድም፣ አልዋሽም። በኛ ጊዜ ፀጉሩን ሳያበጥር የሚሄድ ባሕታዊ ነው፣ ወይ ሐዘንተኛ። ባሕታዊው ዓለምን ንቆ ነው፤ አንተ ልጄ ግን ደሞዝ ትቀበላለህ። ብቻ ሴትዮዋም አበዛችው። ፀጉር እንደሆነ ያድጋል። ደርቆ ከሆነ የቆመው ለምን ቅቤ አትቀባውም? እኔ የልጆቼን ራስ በቅቤ ነው ያሳደግኩት።

ፀጉር ሠሪዋ፦
እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እዚህ ላይ አልስማማም። ሹሩባ ይፈታል፣ ቅቤውም ታጥቦ ይወጣል። ድሬድ አይፈታም። ቅቤው ውስጡ ገብቶ ይከርማል፣ ሽታው ሰው ያባርራል። ያኔ ሆቴሉ እውነቱን ነው።

እትዬ፦
እሱስ ልክ ነሽ። ቅቤ ሲቆይ እኔም አልችለውም።

የሻሸመኔ ልጅ፦
እኔ ያደግኩት ጃማይካ ሰፈር አጠገብ ነው። ንጉሡ ኃይለ ሥላሴ በ1948 እ.ኤ.አ. ከውጭ ለሚመለሱ ጥቁር ሕዝቦች የሰጡት መሬት ላይ ማለት ነው። ብዙዎቹ ራስታዎች የመጡት ንጉሡ በ1966 እ.ኤ.አ. ጃማይካን ከጎበኙ በኋላ ነው። ለነሱ ይኼ የሞድ ጉዳይ አይደለም። ዘኁልቁ 6 ላይ ያለው የናዝራዊ ስእለት ነው፦ ራስህን ምላጭ አይንካው። ጎረቤታችን የነበሩ አባት ጠምዝዘው አያውቁም። ታጥበው ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ፣ ሌላ ነገር የለም። አንዳንዱ እንደ ጣት ቀጭን፣ አንዳንዱ እንደ ክንድ ወፍራም ነበር። ልጅ ሆነን «ለምን እኩል አይሆንም?» ስንላቸው ይስቁብን ነበር። እና «የተስተካከለ» የሚለው ቃል ማን ለማን ያስተካከለው ነው?

የሜሪላንዷ፦
እዚህ አሜሪካ ይኼ ነገር በሕግ ነው የተያዘው። ካሊፎርኒያ በ2019 ድሬድንና ሹሩባን በስም ጠርታ በፀጉር ምክንያት ማግለልን ከለከለች። ሜሪላንድ በ2020 ተከተለች። የኔ ወንድም ድሬድ ይዞ ባንክ ይሠራል፣ ማንም ዞር ብሎ አላየው።

የሰው ኃይል፦
አንድ ጎኑን ብቻ አታውሪ። እዚያው አሜሪካ በ2016 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ለአሠሪው ፈርዷል። ሴትየዋ አላባማ ውስጥ ሥራ አግኝታ ነበር። ድሬዷን አልቆርጥም ስትል ቀረባት። ፍርድ ቤቱ «ከቆዳ ቀለም ጋር አንድ አይደለም፣ መቀየር ይቻላል» ነው ያለው።

የሜሪላንዷ፦
ልክ ነህ። ከሦስት ዓመት በኋላ ካሊፎርኒያ ሕጉን ያወጣችው ግን በዘር ማግለልን የሚከለክለው ሕግ ፀጉርን እንዲህ ሳይሸፍን እየቀረ ስላስቸገረ ነው።

የሻሸመኔ ልጅ፦
አፍሪካም አለ። በ2019 የኬንያ ፍርድ ቤት በድሬዷ ምክንያት ከትምህርት ቤት ለተባረረች ራስታ ልጅ ፈረደላት። ጋና በ2021፣ ማላዊ በ2023 ተመሳሳይ ውሳኔ ሰጥተዋል።

የሰው ኃይል፦
ሦስቱም የሃይማኖት ጉዳይ ናቸው። ባለ 4 ወሩ ወንድማችን ራስታ ነኝ አላለም። የኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 በሃይማኖት፣ በጾታ፣ በብሔር ማበላለጥን ይከለክላል። ፀጉርን በስም አይጠራም። እና ወንድሜ፣ ራስታ ነህ?

ባለ 4 ወሩ፦
አይደለሁም። ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ድሬድ ስለምወድ ነው የያዝኩት። ለሥራ ብዬ ሃይማኖት አልቀይርም።

እትዬ፦
ጎሽ!

ነርሷ፦
እናንተ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ስትዞሩ ዋናው ነገር አለፋችሁ። ደንቡ ላይ «ንጹሕ» እና «የተስተካከለ» ተለጣጥፈው ስለተጻፉ አንድ ይመስላሉ። አይደሉም። እኔ ልብስ ማጠቢያም ወጥ ቤትም የሚሠሩ ሠራተኞችን አይቻለሁ። ንጽሕና የሚለካ ነገር ነው፦ ይሸታል ወይ? ቆዳው ቆስሏል ወይ? ፎረፎር ትከሻው ላይ ይረግፋል ወይ? ወጥ ቤት ከሆነ ተሸፍኗል ወይ? መስተካከል ግን የተመልካቹ ዓይን ነው። የተነሳ ፀጉር ንጹሕ ሊሆን ይችላል፣ ሰም ተቀብቶ የተጋደመው ደግሞ ሊቆሽሽ ይችላል። ፀጉር ሠሪዋ ነግራችኋለች።

ባለ 4 ወሩ፣ አንተንም ልጠይቅህ። በስንት ጊዜ ትታጠባለህ? እስከ ውስጡ ይደርቃል? አንዳንዱ ጀማሪ ይፈታብኛል ብሎ ወር ሙሉ አይታጠብም። ሌላው ማታ ታጥቦ እርጥቡን ይተኛበታል፣ ውስጡ ይሻግታል። ከሁለቱ አንዱ ከሆንክ እኔም ከአለቃህ ጋር ነኝ።

ባለ 4 ወሩ፦
እንደ እውነቱ የመጀመሪያውን አንድ ወር አልታጠብኩም። ፈርቼ ነው። አሁን በ10 ቀን አንዴ እታጠባለሁ። ሻምፖውን በውኃ አቅጥኜ ሥሩን በጣቴ ጫፍ አሻለሁ፣ ብዙ አለቀልቃለሁ። በፎጣ አልነካውም፣ ብናኝ ይተዋል። በአሮጌ ቲሸርት ጨምቄው ፀሐይ ላይ እቀመጣለሁ። ወደ ማታ ከሆነ አልታጠብም።

ነርሷ፦
በቃ፣ ከአለቃህ ጋር አይደለሁም።

የሰው ኃይል፦
ነርሷ ያለችው ላይ እጅ እሰጣለሁ። ደንብ ሲጻፍ «የተስተካከለ» የሚለው ወጥቶ «ንጹሕ፣ ፊት ላይ የማይወርድ፣ የታሰረ» ቢባል ይሻላል። እሱን መለካት ይቻላል። ግን ከአንድ ነገር አልወርድም፦ የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛ ቢያንስ ማሰር አለበት። ከፊት ጥቁር ማሰሪያ አድርግ፣ ደብዳቤ ጻፍና «እስኪይዝ 8 ወር ስጡኝ፣ እስከዚያ አስሬ እገባለሁ» በል። በቃል አትከራከር። በጽሑፍ የጠየቀን ሰው በቃል «ቁረጥ» ማለት ለአለቃም ይከብዳታል።

ፀጉር ሠሪዋ፦
ማሰሪያው ሰፊና ልል ይሁን። ላስቲክ እንዳታስር፣ ያ የቆመው ሥሩ ላይ ይበጠሳል። ቁልቁል ላስተኛው ብለህም አትጠምዝዘው። ከጊዜ በኋላ ይከብድና ራሱ ይወርዳል።

የሻሸመኔ ልጅ፦
እኔ ማሰሩንም አልቀበልም። ዛሬ አስረህ ነገ «ኮፍያ አድርግበት» ይሉሃል። ፀጉሩ ንጹሕ ከሆነ ጉዳዩ አልቋል።

የሰው ኃይል፦
ሹራብ ለብሰህ እንግዳ ተቀበል ቢባልም ትቃወማለህ አንተ።

የሻሸመኔ ልጅ፦
ሹራቡ ከራሴ አይበቅልም እኮ!

ባለ 4 ወሩ፦
ደብዳቤውን ጽፌ ዛሬ ጠዋት አስገባሁ። አለቃዬ አነበበችው። «8 ወር?» አለች። «አዎ» አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ «ያ ከኋላ የቆመውስ?» አለችኝ። እሱን ማሰሪያው ውስጥ ከትቼ አሳየኋት። መልሱን ዓርብ እነግርሃለሁ ብላለች። ችግሩ ነገ የመታጠቢያ ቀኔ ነው፤ ዓርብ ጠዋት ከመቼውም በላይ ተነስቶ ነው የምታየው።

እትዬ፦
ቅዳሜ ታጠብ ልጄ። እስከዚያ ምንም አይሆንም።