ክርክር፦ ኢስቶኒያ ውስጥ ትምህርት ሁሉ በኢስቶንኛ ብቻ ይሁን?

አወያይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው ጥያቄ ከባልቲክ ባሕር ዳር ነው። በ2022 መጨረሻ የኢስቶኒያ ፓርላማ አንድ ሕግ አወጣ። በሩሲያኛ ሲያስተምሩ የኖሩ ትምህርት ቤቶችና መዋዕለ ሕፃናት በሙሉ ወደ ኢስቶንኛ ይዞራሉ ይላል። ለውጡ በመስከረም 2024 ከመዋዕለ ሕፃናት፣ ከ1ኛ እና ከ4ኛ ክፍል ተጀመረ። እስከ 2030 ይጠናቀቃል ተብሏል።

አገሪቱን ለማታውቋት ባጭሩ፦ የሕዝቧ ብዛት 1.37 ሚሊዮን ገደማ ነው። ግማሽ ያህል መሬቷ ደን ነው፤ ከ2,000 በላይ ደሴቶች አሏት። በምሥራቅ ሩሲያ፣ በደቡብ ላትቪያ ያዋስኗታል፤ ባሕሩን ሲሻገሩ ደግሞ ፊንላንድ ናት። የኢስቶኒያውያን ቋንቋ የፊንላንድኛ ዘመድ ነው፤ ከሩሲያኛ ጋር አይዛመድም። ከ5 ነዋሪ አንዱ ግን ሩሲያዊ ነው።

ሕጉ ትክክል ነው ወይስ አይደለም? ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አደራ፣ ወሬውን ወደ አገር ቤት ፖለቲካ እንዳናዞረው።

የታርቱ ተማሪ፦
እኔ ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። ይህ ሕዝብ ያለፈበትን ያላወቀ ሰው ሕጉ ጭካኔ ይመስለዋል። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ዴንማርኮች፣ ጀርመኖች፣ ስዊድኖች፣ ከዚያም ሩሲያውያን ተፈራርቀው ገዝተውታል። ገበሬው እስከ 1810ዎቹ ድረስ የጀርመን ባላባቶች ገባር ነበር፤ ያለ ጌታው ፈቃድ መሬቱን ለቆ መሄድ አይችልም። ቤተ መንግሥትም ጦርም አልነበረውም። የነበረው ቋንቋውና ዘፈኑ ነው።

በ1869 እዚሁ ታርቱ ከተማ ላይ የመጀመሪያውን ትልቅ የመዝሙር በዓል አደረጉ። ያኔ የዘመሩት ወንዶች ብቻ ነበሩ። ዛሬ በዓሉ በየ5 ዓመቱ ገደማ ዋና ከተማዋ ታሊን ላይ ይከበራል። ማንም ዝም ብሎ መድረክ ላይ አይወጣም። የየመንደሩ ኳየር መዝሙሮቹን ለወራት ያጠናል፣ ይፈተናል፣ ካለፈ ይጋበዛል። በዓሉ ሲደርስ ከከተማው መሀል እስከ ሜዳው በባህል ልብስ በእግር ይጓዛሉ። ዝናብ ቢጥልም ይሄዳሉ። ከዚያ ትልቁ የመድረክ ቅስት ሥር ከ20,000 በላይ ሰው በአንድ ድምፅ ይዘምራል።

በሶቪየት ዘመን የሊዲያ ኮይዱላን ግጥም ጉስታቭ ኤርነሳክስ በዜማ አዘጋጅቶት ነበር። ባለሥልጣናቱ ከፕሮግራሙ አወጡት። በ1960 ግን በበዓሉ ላይ ሕዝቡ ማንንም ሳይጠይቅ ዘመረው። በ1988 እዚያው ሜዳ ላይ ሕዝብ ሊዘምር ጎረፈ፤ በ1991 አገሪቱ ዳግም ነፃ ወጣች። እንዲህ የተጠበቀ ቋንቋ በትምህርት ቤት ካልተሰጠ የት ሊሰጥ ነው?

ቁጥሩንም እዩት። በ1934 ከ100 ነዋሪ 88ቱ ኢስቶኒያዊ ነበር። በ1989 ቁጥሩ ወደ 61 ወርዷል። ከዚያ በፊት፣ በመጋቢት 1949፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ20,000 በላይ ሰው ወደ ሳይቤሪያ ተጋዘ። በእነዚያ የሶቪየት ዓመታት ለፋብሪካና ለማዕድን ሥራ ከሌሎች ሪፐብሊኮች ብዙ ሕዝብ መጣ።

የሁለት ልጆች እናት፦
ወንድሜ፣ የተደረገባቸውን በደል አልክድም። የ7 ዓመት ልጅ ግን ማንንም ወደ ሳይቤሪያ አላጋዘም። በምሥራቅ ድንበር ያለችውን የናርቫ ከተማ ውሰድ። ወንዙ ማዶ የሩሲያ ምሽግ ከኢስቶኒያው ግንብ ጋር ፊት ለፊት ተፋጦ ይታያል። ከከተማው ሰው ከ100 ከ90 በላይ የሚሆነው ቤቱ የሚያወራው በሩሲያኛ ነው። ልጁ በእረፍት ሰዓት፣ በሱቅ፣ በአውቶቡስ ኢስቶንኛ አይሰማም። ክፍል ገብቶ የሒሳብ ጥያቄ ሲሰጠው የሚያቅተው ስሌቱ አይደለም፤ የጥያቄው ዓረፍተ ነገር ነው። እናቱ ማታ ልርዳህ ብትል እሷም አታነበውም።

መምህር ከየት ይመጣል? መንግሥት በዚያ በምሥራቁ ክፍል ለሚያስተምር መምህር አንድ ተኩል እጥፍ ደመወዝ እከፍላለሁ ያለው እጥረቱን ስለሚያውቀው ነው። በ2023 የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ባለሙያዎችም ሕጉ የአናሳዎችን መብት ይነካል ብለው ስጋታቸውን ገልጸዋል። እኔ ስዊድን ነው የምኖረው። ልጅ በሁለት ቋንቋ መሀል ሲንገላታ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ።

የታርቱ ተማሪ፦
እህቴ፣ ልጆችሽ በምን ቋንቋ ነው የሚማሩት? በስዊድንኛ አይደል? አማርኛ ቢሰጣቸው በሳምንት ጥቂት ሰዓት ነው። ኢስቶኒያም ያንኑ ነው ያለችው። የሌላ ቋንቋ ተናጋሪ ወላጆች በቂ ሆነው ከጠየቁ የቤት ቋንቋቸውና ባህላቸው ለብቻው ክፍለ ጊዜ ይኖረዋል። ስዊድን ላይ ትክክል የሆነው እዚህ ሲሆን ለምን ጥፋት ይሆናል?

የሁለት ልጆች እናት፦
አንድ አይደለም። እኔ በፈቃዴ የሄድኩ ሰው ነኝ። ፔይፐስ ሐይቅ ዳር ግን ሩሲያኛ ተናጋሪ መንደሮች አሉ። የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓቷን ስትለውጥ አንቀበልም ብለው የሸሹ ሰዎች ልጆች ናቸው። ዓሣ እያጠመዱ፣ ሽንኩርት እየተከሉ ከ300 ዓመት በላይ ኖረዋል። እነሱን መጤ የሚል ማነው? ናርቫ ተወልዶ እዚያው የሸመገለውስ?

ጋሽ ሄልሲንኪ፦
ልጆች፣ እኔም ልግባ። ከሄልሲንኪ ታሊን በመርከብ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ ስለዚህ እዚያ መሄድ አዘወትራለሁ። ሕጉን እደግፋለሁ፤ አካሄዱ ግን ይከነክነኛል።

መጀመሪያ ኢስቶኒያዊነት ራሱ አንድ ወጥ አይደለም። ደቡብ ምሥራቅ ጥግ ሴቶ የሚባሉ ሕዝቦች አሉ፤ ሌላው ኢስቶኒያዊ በባህሉ የሉተር ሲሆን እነሱ ኦርቶዶክስ ናቸው። ሴቶቻቸው ደረታቸው ላይ ሰፋ ያለ የብር ጌጥ ያደርጋሉ፣ ሰንሰለቱም ሲራመዱ ይንሿሿል። ዘፈናቸውን አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ እንደኛ ሆያ ሆዬ አውጪና ተቀባይ አለው። ኪህኑ ደሴት ላይ ደግሞ ሴቶች ባለ ሸንተረሩን የሱፍ ጉርድ ዛሬም በአዘቦት ቀን ይለብሱታል። ሐዘን ላይ ያለች ጠቆር ያለውን ትለብሳለች። ሐዘኑ እየቀለለ ሲሄድ ቀዩ ይጨምራል። ቬሩማ የሚባለው አገር ጭስ ማውጫ የሌለው የሳውና፣ ማለትም የእንፋሎት መታጠቢያ፣ ጎጆ አለ። ድንጋዩ እስኪግል እሳት ይነዳል፣ ጭሱ ይወጣል፣ ከዚያ ቤተሰቡ ይገባል። በድሮ ጊዜ ሴቶች ይወልዱ የነበረውም እዚያ ነው። ሦስቱንም ዩኔስኮ መዝግቧቸዋል። እንዲህ ዓይነት ልዩነት አቅፎ የኖረ ሕዝብ የሩሲያኛ ተናጋሪውን ልጅም ማቀፍ አያቅተውም።

ሁለተኛ፣ በ1880ዎቹ የሩሲያው ዛር መንግሥት ትምህርት ቤቶቻቸውን በግድ ሩሲያኛ አድርጎባቸው ነበር። ሕመሙን ያውቁታል። በ1918 መጀመሪያ ነፃነታቸውን ካወጁ በኋላ፣ በ1925 ለአናሳዎች የባህል ራስ ገዝነት ሕግ አወጡ፤ ጀርመኖችና አይሁዶች ትምህርት ቤታቸውን ራሳቸው አስተዳደሩ። ለዚያ ዘመን አውሮፓ ብርቅ ነበር። ያ የራሳቸው ልምድ ነው፤ ለምን አይጠቅሱትም?

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ከ1742 እስከ 1752 የታሊን ከተማ አዛዥ አብራም ጋኒባል ነበር፣ የፑሽኪን ቅድመ አያት። የቤተሰቡ ወግ ከሐበሻ ምድር መጣ ይላል፤ አንዳንድ ተመራማሪዎች ካሜሩን ይላሉ። ያች ከተማ ድሮም የብዙ ዓይነት ሰው ከተማ ናት።

የታርቱ ተማሪ፦
ጋሼ፣ የ1925ቱ ሕግ የወጣው አናሳዎቹ ከ100 ሰው 12 በነበሩበት ዘመን ነው። ዛሬ ጎረቤት ሩሲያ ዩክሬን ላይ ጦር አዝምታለች፤ ሩሲያኛ ተናጋሪዎችን ላድን ነው እያለች። ሁለት ዓይነት ትምህርት ቤት ማለት ሁለት ዓይነት ዜና የሚሰማ ሕዝብ ማለት ነው። ደግሞስ በሩሲያኛ የተማረው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ፣ ሥራ ሲፈልግ ነው የሚቸገረው። ከ30 ዓመት በላይ ለያይቶ ማስተማሩ ነው የጎዳው።

ጋሽ ሄልሲንኪ፦
እሱ ላይ እንስማማለን። ለያይቶ ያስተማረው ግን መንግሥት ነው፣ ልጁ አይደለም። ስለዚህ ወጪውን መንግሥት ይሸከም። ናርቫ ላይ የክፍሉ ልጅ ሁሉ ሩሲያኛ ተናጋሪ ሆኖ መምህሩ ብቻ ኢስቶንኛ ቢያወራ አይበቃም። በክረምት እረፍት ልጆቹን ታርቱና ሳሬማ ደሴት ያለ ቤተሰብ ጋ ይውሰዷቸው፣ ከኢስቶኒያ ልጆች ጋር ኳየር ውስጥ ያስገቧቸው። ልጅ ቋንቋ የሚለምደው ከልጅ ጋር ሲጫወት ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦
ጋሼ እንዳሉት ከሆነ አልቃወምም። የእኔ መለኪያ አንድ ነው። በ2030 የናርቫ ልጅ በሒሳብና በሳይንስ ውጤቱ ከታሊን ልጅ ካልወረደ፣ ሩሲያኛውንም ማንበብና መጻፍ ካልረሳ፣ ሕጉ ሠርቷል እላለሁ። እስከዚያ ግን ተቃውሞዬን አልተውም።